የስፌት መኪና ዘይትና የአየለ ሽጉጥ

ባለፈው ሳምንት የስፌት መኪናዬ እየተንቋረረች አላሠራ ስትለኝ ሰንጋ ተራ ድረስ ሄጄ ዘይት ገዛሁላት። ዱሮ አፉ ቀጭን በሆነ ቆርቆሮ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ በፕላስቲክ ሆኗል፤ ሽታው ግን ያው ነው። ክዳኑን ገና ላላ ሳደርገው ልቤ ድንግጥ አለ። ሌላው ሰው ሽታ አሽትቶ የልጅነት ፍቅሩን ያስታውሳል፤ እኔ በማሽን ዘይት የማስታውሰው ባሌን አየለን ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። እሱንም ቢሆን በደህና ቀኑ አይደለም። የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ ሽጉጡን ፈታቶ፣ የምላሱን ጫፍ ነክሶ እንደተቀመጠ ነው የሚመጣብኝ። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና መስኮቱን ከፈትኩ። ከታች ባቡሩ ወደ ሜክሲኮ ያልፋል፤ ወዲያ ማዶ ፎቅ በፎቅ ነው። ይሄ ሁሉ ዱሮ የእኛ ሰፈር ነበር ብዬ ለዛሬ ልጅ ብነግረው ይስቅብኛል።

የዱሮዋ ልደታ ቆርቆሮዋ የዛገ፣ ጭቃዋ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ፣ ግን ሰው ሰውን በስሙ የሚጠራባት ሰፈር ነበረች። እኔ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል መስኮቱን ከፍቼ እሰፋለሁ። ዋና ደንበኞቼ ሙሽሮች እንዳይመስሏችሁ፤ ባለጉዳዮች ናቸው። ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው ኮቱ ተቀዶ ዳኛ ፊት መቆም አይወድም፤ ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ይመጡና ኮታቸውን አውልቀው በሸሚዝ ብርድ እየመታቸው ይጠብቁኛል። ስሰፋም ክሳቸውን ይነግሩኛል። ያን ጊዜ ሴቱ ትከሻው በስፖንጅ የተነፋ ጃኬት፣ ወንዱ ሰፊ ሱሪ ነበር የሚያምረው። ከማዶ ካሴት የሚሸጥበት ሱቅ ነበር፤ አንዱን ዘፈን ሰው እስኪሰለቸው ደጋግሞ ያጫውታል፤ ወያሎቹ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» እያሉ ከዘፈኑ በላይ ይጮሃሉ። በሳንቲም ተሳፍረን ሜክሲኮ ወርደን ማኪያቶ የምንጠጣባቸው እሁዶች ነበሩ። አየለ ያኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። አመድማ ካፖርቱን ገልብጬ የሰፋሁለት እኔው ነኝ፤ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ጫፏን ሲጫኗት ቀጭ የምትል እስክሪብቶ አለች። ነገር ሲያሳስበው ኪሱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ያደርጋታል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሳያዩት በድምፁ ያውቁት ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው ሽጉጥ ያስገዛችው አንድ ክንድ የማትሞላ መሬት ናት። በእኛና በሃምሳ አለቃ ጉርሙ ግቢ መካከል ያለች ስስ ቁራጭ፤ እዚያ ላይ የአየለ አባት የተከሉት ኮክ ነበር። ሃምሳ አለቃ ወታደር የነበሩ፣ መንግሥት ሲለወጥ ሻንጣቸውን ተሸክመው የተመለሱ ሰው ናቸው። ሠራዊቱ ውስጥ ወጥ ቤት ነው የኖሩት እየተባለ ይወራ ነበርና አየለ በተጣሉ ቁጥር፣ «ዕድሜውን ሽንኩርት ሲከትፍ የኖረ ወታደር እኔን ያስፈራራኛል?» ይል ነበር። ነገሩ ከሽማግሌ አልፎ ፍርድ ቤት ገባ፣ ተጓተተ፣ በመጨረሻም መሬቲቱ ለሃምሳ አለቃ ሆነች። አየለ የዚያን ቀን ሲመለስ ራት አልበላም። ከሁሉ የከበደው መሬቱ አይደለም፤ የአባቱ ዛፍ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፈቃዱን አውጥቶ ከአንድ ጡረተኛ ሹም ሽጉጥ ገዝቶ መጣ። ጥይቶቹ በሚሽከረከር ቋት ውስጥ የሚገቡበት ዓይነት፣ ጥቁር፣ የእንጨት እጀታው በሰው እጅ ብዛት የለሰለሰ። ለእኛ አዲስ ቢሆንም እሱስ በዕድሜ ከእኔም ሳይበልጥ አይቀርም። «ለምንህ ነው?» አልኩት። «ለሌባ» አለኝ። «ሌባው ማነው?» ስለው «ሌባ ስም አለው እንዴ?» ብሎ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። እኔ ግን ስሙን አውቄዋለሁ፤ ከአጥሩ ማዶ ሲያስሉ ይሰማኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሌ ወህኒ፣ ጎረቤቴ መቃብር ሲወርድ እየታየኝ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

እናቱ እማማ አስካለ ግን እልል አሉ። አብረውን ነበር የሚኖሩት። የቡልጋ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ቤት ጠመንጃ ከግድግዳ ወርዶ እንደማያውቅ ሲያወሩ አይጠግቡም። ልጃቸው ወረቀት ሲያገላብጥ መዋሉ ሁልጊዜ ያሳፍራቸው ነበር መሰለኝ፤ ሽጉጡን በነጠላቸው ተቀብለው እንደ አራስ ልጅ አቀፉት። አየለ ጥንቁቅ ነውና ሽጉጡን ከእኛ ቁም ሣጥን፣ ጥይቱን ለይቶ ከእናቱ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አኖረ። ቁልፉ ከእማማ ማተብ ጋር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። እኔም፣ ጎሽ፣ እሳቱና ጭዱ ተለያዩ ብዬ ትንሽ ተንፈስ አልኩ።

ችግሩ የጀመረው ወዲያው ነው። አየለ ቋቱን ሲያሽከረክረው ጠጠር እንዳለበት ሽሮ ቅርጭጭ ይላል። ባዶውን ምላጩን ሲስበው መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ እንደማመንታት ይልና ቀጭ ብሎ ዝም። «ደህና ሽጉጥ እንዲህ አይንቋረርም» ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት ጋዜጣውን ይዘረጋና የእኔን የማሽን ዘይት፣ የዶሮ ላባና ያረጀ ጥርስ ብሩሽ አስቀርቦ ይቀመጣል። በላባው አፈሙዙን ይወለውላል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ያሽከረክራል። «ሰማሽው?» ይለኛል። «ምኑን?» «ቅርጭጩን ነዋ! ከየት ነው የሚመጣው?» «እኔ እንጃ፣ እኔ የምሰማው የልቤን ድምፅ ነው» እለዋለሁ። ከላባው ጫፍ ላይ ግራጫ ነገር እየወጣ ጋዜጣው ላይ ይቀራል፤ ዝገት ነው ይላል። ሲያጸዳው ለጥቂት ቀን ይለሰልሳል፤ መልሶ ደግሞ ቅርጭጭ። ሳላስበው የዚያን ብረት ድምፅ ሁሉ አወቅሁት። ማድ ቤት ሆኜ ሽንኩርት እየላጥኩ የቱ ቋት፣ የቱ ምላጭ እንደሆነ መለየት ጀመርኩ። ሲንቋረር ደስ ይለኛል፣ ሲለሰልስ ይጨንቀኛል።

በዚህ መሃል አጎቱ ቡልጋ አረፉና ለቀብር ወረድን። እዚያ አገር ወንድ ሲሞት ጥይት ተተኩሶለት ነው የሚሸኘው፤ ዘመድ የያዘውን ይዞ ይወጣል፤ ዝም ብሎ የተቀበረ ሰው ወገን የሌለው ይመስላል። ባላገሮቹ ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ ሲያንጣጡት ሸለቆው ተናወጠ። ተራው ደረሰና አየለም ካፖርቱን ገለጥ አድርጎ ሽጉጡን አወጣ። እማማ ከሴቶቹ መሃል አንገታቸውን አስግገው ያዩታል። ሳበ፤ ቀጭ። ደግሞ ሳበ፤ ቀጭ። ጥይቱ ከሸፈ። አልቃሹ ሁሉ ለአፍታ ለቅሶውን ገታ። አንድ ጎባጣ ሽማግሌ፣ «ተወው ልጄ፣ የከተማ ሽጉጥ አፍሮ ነው» ሲሉ ሳቅ በጋቢ እየታፈነ ከወዲያ ወዲህ ተሰማ። አየለ ፊቱ አመድ መሰለ። እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ፤ ለሟቹ ያለቀሱት ሁሉ አነሰና ለልጃቸው ውርደት እንደ አዲስ አለቀሱ።

አዲስ አበባ እንደተመለስን ሽጉጡን ወደ ሸጠለት ጡረተኛ ወሰደው። ሰውዬው ከፈታው በኋላ፣ «ምን ስታደርገው ነበር? ጥይትህ ርጥበት ገብቶታል፣ ውስጡም ቆሽሿል» ብሎ አጸዳለትና ሌላ ጥይት ሰጠው። ከከተማ ወጣ ብለው ድንጋይ ማውጫ ጋ ሞከሩት። ማታ አየለ የገባው ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቀ ነው። «ሠራ! ብርቄ፣ ሠራ!» ቋቱን አሽከርክሮ አሰማኝ፤ ቅቤ እንደተቀባ ዝም ብሎ ዞረ። ቅርጭጩ ጠፋ። እንደዚያን ቀን ዝምታ አስፈርቶኝ አያውቅም። አዲሶቹን ጥይቶች ለእናቱ ሰጣቸው፤ ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉባቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንቶች ውስጥ ከሲታ ሆንኩ፤ የደንበኛ እጅጌ ገልብጬ እስከ መስፋት ደርሼ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንድ ጠዋት ሃምሳ አለቃ ቆርቆሮና መጥረቢያ ይዘው ኮኩ ስር ቆሙ። አጥራቸውን ወደ እኛ ሊያስገቡ ነው። የመጀመሪያውን ምት ግንዱ ላይ ሲያሳርፉ የእኛ ቤት ሳህን ተንቀጫቀጨ። አየለ እናቱ ክፍል ገብቶ ወጣ፣ ከቁም ሣጥኑም የሚፈልገውን ወሰደ፣ ፀሐይ እየጠበሰ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ጓሮ ሄደ። እኔም የልኬት ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ተከትዬው ሮጥኩ።

«አንተ ሰውዬ!» አለ አየለ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም። «የአባቴን ዛፍ ልቀቅ!»

«ጋሽ አየለ፣ ፍርድ ቤት የወሰነውን ነው የማደርገው» አሉ ሃምሳ አለቃ መጥረቢያውን ሳያወርዱ።

«ልቀቅ ብያለሁ!»

ቀኝ እጁ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው። ኪሱ ወደ ፊት ተወጥሮ ቀና ሲል አየሁት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ያኔ ሰማሁት። መጀመሪያ ያች ቅርጭጭታ፤ ቀጥሎ ቀጭ።

በዚያ ግቢ ውስጥ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ መሰለኝ። የአየለ ፊት የሞተ ሰው ፊት ሆነ። ሃምሳ አለቃ ኪሱን አዩ፣ ቀና ብለው ፊቱን አዩ። ከዚያም መጥረቢያውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡና፣ «እስክሪብቶዎን ይዘው ነው እንዴ የመጡት?» አሉ። «እንግዲያው ቁጭ ብለን እንስማማና እንፈራረም። ዛፍ ነገም ይቆረጣል።» ጀርባቸውን ሳይሰጡ፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ቀስ እያሉ ወደ ደጃቸው ሄዱ።

አየለን ጎትቼ አስገባሁት። ሽጉጡን ሳፋ ላይ ከፈተው። ከቋቱ ውስጥ አመድ የመሰለ ጭቃ ወረደ፤ ጥይቶቹ ቂጣቸው አረንጓዴ ሆኗል። «ምንድነው ይሄ?» ሲል እማማ ከበሩ ላይ ደስ ብሏቸው፣ «ምን ይሆናል፣ እምነት ነዋ! የልደታ እምነት!» አሉ። ለካስ ሽጉጡ እቤት ከገባባት ዕለት ጀምሮ፣ እኛ በሌለንበት፣ ከቤተክርስቲያን በወረቀት ጠቅልለው ያመጡትን እምነት፣ ያንን የተባረከ አመድ፣ እንደ ሕፃን ግንባር ሲቀቡት ኖረዋል። ጥይቱንም ጠበል ውስጥ ይነክሩታል። ከቀብሩ ውርደት በኋላማ አዲሶቹን ጥይቶች ሣጥናቸው ውስጥ በጠበል ጣሳ ዘፍዝፈው አከረሟቸው፤ ያን ዕለት ጠዋት አየለ ሲጠይቃቸው በነጠላቸው ጠርገው ሰጡት። አዲስ ዕቃ ገዝቶ ጠበል የማያስነካ ማን አለ? መኪናም፣ ቤትም፣ ልጅም ይረጫል። የሽጉጥ ነገር ማንም አልነገራቸውም።

«እንዳይከሽፍብህ ብዬ ነው» አሉ ድምፃቸው እየተቆረጠ። «ሰው ፊት ሲያዋርድህ አንጀቴ አርሮ እመቤቴን ለመንኳት። ለልጄ ታዘዢልኝ፣ አታሳፍሪው አልኳት። ታዲያ ሠራልህ?»

አየለ እግራቸው ስር ተደፍቶ ጉልበታቸውን ሳመ። «ሠራ እማዬ» አላቸው። «በደንብ ሠራ።» እንዲያ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እማማም ጸሎታቸው እንደደረሰ አምነው ኖሩ፣ አምነውም ሞቱ። እኔ እስከ ዛሬ የምጠይቀው እሷ እመቤታችን ከሁለቱ ልመና የትኛውን እንደሰማች ነው፤ የእሳቸውን ወይስ እዚያ ጓሮ አፌ ውስጥ የቀረውን የእኔን።

ሽጉጡን በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ አስረከበ። ኮኩም አልተቆረጠም። ሃምሳ አለቃ አጥራቸውን ሲያስገቡ ዛፉ ጋ ሲደርሱ አጥፈው አለፉት፤ ግንዱ ላይ ያ የመጥረቢያ ጠባሳ እንዳለ በየዓመቱ ያፈራ ነበር። በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሲፈርስ ከቤቱም ከአጥሩም ጋር ሄደ። ሁለት ሰው ልታጋድል ትንሽ የቀራት መሬት ዛሬ የት ላይ እንደሆነች እኔም መለየት አልችልም፤ መኪና ማቆሚያው ሳይሆን አይቀርም። እኛም ተበትነን፣ ዕጣ ጠብቀን፣ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን ደረጃው ላይ ፍራሽ ተሸክሜ ስወጣ ከፊቴ ፍራሽ ተሸክመው የሚወጡት ሃምሳ አለቃ ሆኑ። ከእኛ በላይ፣ ልክ ከራሳችን በላይ።

አየለ ያን ሰው ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ታቦት ነበር የሚያያቸው። ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ ባለቤታቸው ሲታመሙ ሐኪም ቤት ያስታምማል። ለእኔ ግን፣ «የዋህ ናቸው፣ እውነት እስክሪብቶ መስሏቸው ቀረ። ሳልነግራቸው ብሞት ነፍሴ አታርፍም» ይለኝ ነበር። ስንት ጊዜ ካፖርቱን ለብሶ «ዛሬ ልነግራቸው ነው» ብሎ ደረጃውን ወጣ! ስንት ጊዜ ተመልሶ መጣ! «የሉም» ይላል። ከላይ ሲራመዱ እየተሰማኝ ዝም እለዋለሁ። ሳይነግራቸው በሽታው ቀደመው።

ሙት ዓመቱን ያወጣን ዕለት እንግዳው ከሄደ በኋላ ሃምሳ አለቃ ወንበር ሲያጥፉ ቆዩ። ጸጉራቸው ጥጥ ሆኗል። ወንበሩን እንደያዙ፣ «እትዬ ብርቄ፣ ያን ቀን ኮኩ ስር እስክሪብቶ እንዳልነበረ አውቃለሁ» አሉኝ። ባለሁበት ቁጭ አልኩ።

«ሽንኩርት ስከትፍ ብኖርም የኖርኩት ጦር ሜዳ ነው» አሉ። «የከሸፈ ጥይት ድምፅ ይጠፋኛል? ያ ዓይነት ሽጉጥ ደግሞ አንዱ ቢከሽፍ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። እጃቸው እንደተጨበጠ ነው። ብሮጥ ከኋላ ያገኙኛል፣ ብጮህ ደንግጠው ይስባሉ። ፊታቸውን ሳየው ከእኔ በላይ የደነገጡት እሳቸው ናቸው። አፌ ላይ የመጣልኝ ያች እስክሪብቶ ናት።»

«ታዲያ ለምን አልከሰሱትም?»

«ከስሼ ምን ላገኝ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

እንባዬ መጣ። «እሱ እኮ ሊነግርዎት ፈልጎ ሞተ! ስንት ጊዜ ደረጃውን ወጣ መሰለዎት!»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ወንበሩን አስቀመጡት። «ኮቴያቸውን ለይቼ አውቀው ነበር። በሬ ላይ ይቆማሉ። እኔም ከበሩ ጀርባ እቆማለሁ፣ እጄ እጀታው ላይ ነው፤ ልከፍት፣ ይግቡ ልላቸው። ከዚያ ኪሳቸው ውስጥ ያችን እስክሪብቶ ቀጭ ያደርጓታል። ቀጭ ስትል እጄ አልታዘዝ ይለኛል። እንዲያ ቆመን፣ ቆመን፣ እሳቸው ይወርዳሉ።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አንድ ቀን እንኳ ያለ እስክሪብቶዋ መጥተው ቢሆን፣ እትዬ ብርቄ፣ እከፍትላቸው ነበር።»

ያች እስክሪብቶ አሁን የስፌት ሣጥኔ ውስጥ ናት፤ ቀለሟ ካለቀ ቆይቷል። ዘይቱን የገዛሁ ቀን መርፌ ስፈልግ እጄ ውስጥ ገባች። አውራ ጣቴን ጫፏ ላይ አኖርኩ። ከላይ ሃምሳ አለቃ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይሰማኛል። ሳልጫናት መልሼ ከክሩ ስር አስቀመጥኳት።